የፋርማሲው ግድግዳ ላይ ያደረችው ወፍ

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባ ታፔላ መጻፍ ካቆሙ ወዲህ ሥራ ፈታሁ እያሉ ሲነጫነጩ ከርመው፣ ሰሞኑን ፊታቸው ፈካ ብሏል። ምን እንዳገኙ እንጃ።

ሰፈራችን በአንዲት ወፍ ሰበብ ለሁለት ተከፍሏል። የፋርማሲው ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀይ ወፍ ተስላ አደረች። ባለፋርማሲው «ግድግዳዬን ያበላሸውን ካገኘሁት ጣቢያ ነው የምገትረው!» ይላል። ጎረቤታችን አስተማሪዋ ደግሞ «ይሄ እኮ ጥበብ ነው፤ ባዶ ግድግዳ ምን ያደርግልሃል?» አለችው።

«እንግዲያው ያንቺ ግድግዳ ላይ ይሳሉልሻ!» ሲላት ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አባባ ብቻ አልሳቁም። ወፏን ትክ ብለው አዩና «ግራ ክንፏ አጥሯል» አሉ።

በማግስቱ ክንፏ ረዝሞ አደረ።

ሸሚዛቸውን ሳጥብ እጅጌው ላይ ቀይ ነገር አይቼ ብጠይቃቸው «ቲማቲም ነው» አሉኝ። ቲማቲም በሳሙና አልለቅ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፋርማሲው ከዛሬ ጀምሮ የሌሊት ዘበኛ ቀጥሯል። ሰውየው ነገረኛ ነው፤ ዱላውም የእኔን ቁመት ያክላል። የአባባን አንድ ለእናቱ ጫማ ጠዋት ጫማ ሰፊው ጋ ወሰድኩት።

«ምኑ ነው የተበላሸው?» አለኝ።

«አንተ ብቻ አትቸኩል» አልኩት።

እባክህ ደውልላቸውና ሌሊት ከቤት እንዳይወጡ ምከራቸው፤ አንተን ይሰማሉ። ስለ ወፏ ግን እንዳታነሳባቸው።

ሁላችንንም በጤና አቆይቶ ለመተያየት ያብቃን።

እህትህ