ያለ ነፋስ የተወዛወዘው ቱንቢ

ማክሰኞ፣ ጥር 19፣ አዳማ

ብዕሩን የያዘችው የልጄ ሚስት ትዕግስት ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የአዳማን ግማሽ ግንብ ያቆምኩት ግን እኔ ነኝ። የራሴ ቤት ብቻ የለኝም። ወለንጪቲ ላይ አንድ ቤት እንድሠራ ስንት ዓመት ጸለይኩ። እሁድ ዕለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ "ጋሼ ደበላ፣ ቤቱን የፈለጉት እርስዎ ነዎት ወይስ ጌታ?" ቢሉኝ ተቆጥቼ ወጣሁ።

ዛሬ ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ወደዚያ ሄድን። ለቤቱ የጣልኩት መሠረት መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ትኩስ አየር ይወጣል። ጠጠር ጣልኩበት፤ ሲያርፍ አልሰማሁም።

"መልስህ ይኸው" አለች።

"ዝም በይ! መሬት ነው የተሰነጠቀው።"

የግንብ ቀጥታ የምለካበትን ቱንቢዬን በገመዱ ከስንጥቁ በላይ አንጠለጠልኩ። "ጌታ ሆይ፣ ቤቱ ካንተ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቁም" አልኩ። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር። ቱንቢው ግን ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር፤ ብጠብቅም አልቆመም።

አስካለ ሳቀችብኝ። "ወይ እጅህ አርጅቷል፣ ወይ ጌታ እምቢ ብሏል። ምረጥ!"

እጄ አላረጀም። ስለዚህ "ጌታ ሆይ፣ ቤቱን ውሰደው" አልኩ።

ያኔ ቱንቢው ቀጥ ብሎ ቆመ።

አስካለም ሳቋን አቆመች። መቆሙ "ሥራ" ማለት ነበር እኮ፤ የቆመው ደግሞ ስተወው ነው። የቱን ልመን?

በይ ትዕግስት፣ አንብቢልኝ። "ውሰደው" ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ፤ ከልቤ መሆኑን ልስማ።