የፓሪስ ጋዜጣ፣ የአዲሰን ቅያሜ

ለተከበሩ አቶ ኃይለ ማርያም፣
የዘውድ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበርና የ«ዘውድና ቃል» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፤
አዲሰን፣ ቴክሳስ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም የልጆችን ጽሑፍ ሳይታክት የሚያሰምረው ቀይ እስክሪብቶዎ ደኅና ናቸውን? «የጋዜጣዬ ወራሽ» እያሉ በየስብሰባው የሚያስተዋውቋት የልጅ ልጅዎ ፅዮንስ? እኔ፣ ፋርመርስ ብራንች ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስደረድር የምውለው ዓለምሸት፣ የኤልዳና እናት፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ልጄ ግን ደኅና አይደለችም፤ የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነው።

እንደሚያስታውሱት ኤልዳና ዩኒቨርሲቲ ከተማረችው የፈረንሳይ ታሪክ ቀንጭባ ለጋዜጣዎ የወጣቶች ገጽ ልካልዎት ነበር። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ በአማርኛ የጻፈችው የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው፤ አራት ሳምንት ፈጅቶባታል። የሚያወራውም ከመቶ ዓመት በፊት በፓሪስ ይታተም ስለነበረው፣ ንጉሥ ካልተመለሰ አገር አለቀላት ይል ስለነበረው «አክስዮን ፍራንሴዝ» ስለተባለ ጋዜጣ ነው። እርስዎ ግን ስምዎን ለማጥፋት የተጻፈ ሆኖ ስላገኙት ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጋዜጣው እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይሸጥ እንደነበር ብትጽፍ ከጎኑ በቀይ «ይህ እኔን ነው» ብለዋል። የእርስዎ ጋዜጣ ከቅዳሴ በኋላ በየመኪናው መስታወት ላይ እንደሚሰካ በዚያ ሰዓት ትዝ አላላትም ነበር፤ ስላስታወሷት እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ እነዚያ ሰዎች እውነተኛ ፈረንሳዊ ማን እንደሆነ ራሳቸው እየወሰኑ አይሁዱን፣ ፕሮቴስታንቱንና ከውጭ የመጣውን ከአገር ልጅነት ይሰርዙ እንደነበር ጽፋለች። እዚህም ላይ «ይህም እኔን ነው» ብለዋል። እርግጥ ባለፈው ወር ርእሰ አንቀጽዎ አማርኛው የተሰባበረ ልጅ የእኛ ልጅ እንደማይባል ወስነዋል። ሁላችንም ከውጭ በመጣንበት በቴክሳስ ተቀምጠው ይህን ዝምድና ከሩቅ የለዩት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ማን ይናገር የነበረ ይባል የለ።

ሦስተኛ፣ ኤልዳና ይቅርታ እንድትጠይቅ ሦስት ሽማግሌዎች ልከዋል። ወግ ነውና በክብር ተቀበልናቸው፤ ምሳ በልተው በደሉን ሊያስረዱ ሲሞክሩ ግን ግራ ገባቸው። ይቅርታው ለፈረንሳዮቹ እንዳይሆን ጋዜጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ተዘግቷል፣ አዘጋጆቹም ሞተዋል። ልጄ አንገቷን ደፍታ «ማለቴ፣ እኔ ስለ ፈረንሳይ ነው የጻፍኩት፤ ሶ ለምን ፐርሰናል አደረጉት?» አለች። ሽማግሌዎቹም መርቀውን ሄዱ።

አራተኛው ቀልድ የለበትም። ጽሑፏን ሲመልሱ ከግርጌው «መጀመሪያ አማርኛ ተማሪ» ብለው ጽፈዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ መዝገበ ቃላቷን ሶፋ ሥር ወርውራ እኔንም በእንግሊዝኛ ብቻ ታናግረኛለች። ክቡር ሆይ፣ ይህ አንጀቴን አሳርሮታል። ሃያ ዓመት ለምኜ ያላገኘሁትን ልጄ በራሷ ፈቃድ ጀምራው ነበር፤ እርስዎ በሦስት ቃል አስቆሟት። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጽሑፏን እንዳለ ያትሙላት።

ከማተምዎ በፊት እስከ መጨረሻው ቢያነቡት ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ቀይ እስክሪብቶዎ ከሁለተኛው ገጽ አላለፈምና። በሦስተኛው ገጽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የሮማው ጳጳስ ምእመናን ያንን ጋዜጣ እንዳያነቡ መከልከላቸው ተጽፏል። በ1937 ደግሞ ለሠላሳ ዓመት ያህል ይንገሥ ሲሉለት የኖሩት የንጉሣውያኑ ቤት ራሱ፣ ይህ ጋዜጣ የእኛ ድምፅ አይደለም ብሎ በይፋ ተለያቸው። እኔ ያልተማርኩት ሴት ይህን ሳነብ አዘንኩላቸው።

ከእግርዎ በታች ሆኜ፣ ከጋዜጣዎ ግን ትንሽ ራቅ ብዬ፣ ረጅም ዕድሜና አጭር ርእሰ አንቀጽ እመኝልዎታለሁ፤

አክባሪዎ ዓለምሸት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳላሽገው አንድ ነገር ስለሆነ ልጨምር። ትናንት አንዲት ልጅ ከፍሪስኮ ከተማ ድረስ ነድታ መጥታ፣ መዝገበ ቃላቱን ከሶፋው ሥር አውጥታ፣ ከኤልዳና ጋር ቁጭ ብላ አማርኛውን ስታቃና ዋለች። ሁለት መቶ ቅጂ አትመዋል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእርስዎ ጋዜጣ ጎን በየመስታወቱ ይሰኩታል። ልጅቷ ፅዮን ናት፤ ሰላም በይልኝ ብላለች።