የአባትሽ ድምፅ

ሶዶ፣ ጥር 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርፌ፣

እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ በምሕረቱ አለን። እህትሽ መሲ ጉኑኖ ተመድባ ማስተማር ጀምራለች። በቆሎው ዘንድሮ አላማረም።

ልጄ፣ የደበቅንሽን ልንገርሽ። የአባትሽን ድምፅ ያሻከረው ጉንፋን አልነበረም። ቶንሲል ነው እያልን ስድስት ወር መድኃኒት ስንገዛ ከረምን። ምግብ መዋጥ ሲያቅተው ዱቦ ሆስፒታል ወሰድነው፤ እነሱም ወደ አዲስ አበባ ላኩን። የጉሮሮ ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሙ፣ «ቀድማችሁ ብትመጡ በጨረር ብቻ እንሞክር ነበር። አሁን ማንቁርቱ መውጣት አለበት፤ ጨረሩ ከዚያ ይከተላል» አለን።

አባትሽ፣ «ከዚያ በኋላ መዘመር እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«አይ አባቴ፣ መናገርም አይቻልም።»

ሠላሳ ዓመት መዘምራን የመራ ሰው ነው። በማግስቱ፣ «መጀመሪያ ከትርፌ ጋር አገናኙኝ» አለ። ያን ቀን ጓሯችን ስለተከለው ቦዬ እያወራ ስልኩን ያስረዘመብሽ ለዚህ ነበር። ሥራ ረፈደብኝ ብለሽ ስትዘጊ አልተቀየመሽም። «ድምፅዋ ደህና ነው» ብሎኝ ወደ አልጋው ተመለሰ።

አሁን አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ የሚፈልገውን በደብተር ይጽፍልኛል። የጨረር ወረፋው ለመጋቢት ነው። በሽታው ተጠርጎ ስለመውጣቱ ማንም ደፍሮ አልነገረንም።

የአባትሽን ምርቃት ጌታ ያጽናልሽ። አደራሽን፣ እሁድ ደውዪ። ምንም አትጠይቂው፤ አታልቅሺ። አንቺ ብቻ አውሪለት፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ ፊቱ የሚለውን እነግርሻለሁ።

እናትሽ አሳየሽ