በፍልሰታ የወዛ ፊት

ወረታ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ የባሌ እናት የንስሐ አባታችንን ይዘው መጡ። «ጾሙ ሁላችንን ሲያጠወልግ የእሷ ፊት ወዛ፤ ተደብቃ ቅቤ ሳትበላ አትቀርም» ብለው ከስሰውኝ ኖሯል። አባ ትክ ብለው አዩኝና «እውነት ነው ልጄ?» አሉኝ።

ወደ ጓሮዬ ወሰድኋቸው። ክረምቱ ያፋፋውን ጎመንና ፍሬ የከበደውን ኮክ አሳየኋቸው። «ጾሙ ከገባ የጠገብሁት ይህንኑ ነው፣ አባ።» አንድ ኮክ ገምጠው ሳቁ። አማቴም ሲሄዱ ጎመን በነጠላቸው ቋጥረዋል።

አባ በር ላይ «ሌላ የምትናዘዢው አለ?» አሉኝ። «የለም» አልሁ። ሸኝቼ ገብቼ መስተዋት ፊት ስቆም ነው ኩራቴ ትዝ ያለኝ። ከመስተዋቱ ፊት ግን ቶሎ ዘወር አላልሁም።