ሳይመርቁ ተነሱ

ሰኞ

…አባቴ ከሽምግልና ሲመለስ እናቴ ምን እንደተባባሉ አትጠይቀውም ነበር። ጋቢውን እየተቀበለች አንድ ነገር ብቻ፤ «መረቁ?» አባቴ «አልመረቁም» ካለ ነገሩ አላለቀም ማለት ነው። «ይሁን» ቢባልም፣ እጅ ለእጅ ቢጨባበጡም አላለቀም። ይህ ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ።

ዛሬ መዓዛ ሽማግሌዎቹን አነጋገረች። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው። የተላከችው የሥራውን መዘግየት እንድትፈታ ነው፤ እኔ ያልፈታሁትን ማለት ነው። ወደ ዲማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምንሠራው ድልድይ ድንጋይ የለውም። ድንጋዩ ያለው ከጠበሉ በላይ ባለው ኮረብታ ነው። ሰዉ ደግሞ «ድማሚት ከፈነዳ ጠበላችን ይሰወራል» ብሎ ከመስከረም ጀምሮ አላስቆፍርም ብሏል።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው ያናገረቻቸው። እኔ ሁልጊዜ ወንበር አስይዤ ነበር የምሄደው። የደብሩ መምህር የኔታ ጥበቡ «ልጄ» አሏት። እኔን፣ የዚሁን አገር የሉማሜ ልጅ፣ «ኢንጂነር» ነው የሚሉኝ።

በመጨረሻ የኔታ «ሰምተናል፤ እንግዲህ ይሁን እስኪ» አሉና ተነሱ። ሌሎቹም ተነሱ። ጋቢያቸውን አራገፉ። ሄዱ።

አልመረቁም።

መዓዛ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ክንዴን ጨመቀችው። «ጋሽ ይበልጣል፣ እሺ አሉ'ኮ!»

ወደ መኪናው አመራሁ።

ጋሽ። በስንት ዓመት ብበልጣት ነው?

ማክሰኞ

የተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ፖል በጠዋቱ ስብሰባ ቆሞ አጨበጨበላት። የውጭ ሰዎቹም የእኛዎቹም ተከተሉ። እኔም አጨበጨብኩ። የመዳፌን ድምፅ ሰማሁት፤ ከሁሉም ዘግይቶ።

ከክረምት በኋላ ሥራውን እዚህ የሚመራው ማን እንደሆነ አልተወሰነም። እስከ ትናንት እኔ ነበርኩ፣ ቢያንስ ለራሴ። ዛሬ ፖል በስልክ ለአለቆቹ ሲያወራ በግድግዳው በኩል የሰማሁት የእሷን ስም ነው።

ሾፌሩ አበጀ በመስታወት እያየኝ ሳቀ። «ኢንጂነር፣ አገርዎን ወሰደችብዎ'ኮ! ነገ ደግሞ ርስት ትካፈልዎታለች።»

«ወደፊት እያየህ ንዳ» አልኩት።

ልንገራት? ነገ።

ረቡዕ

አልነገርኳትም።

እሷ ያላት፣ እኔ የሌለኝ፦ በምሳ ሰዓት ሰው አጠገቧ መቀመጡ። ያላወቀችውን አላውቅም ማለቷ። ያ ሳቅ።

እኔ ያለኝ፣ እሷ የሌላት፦ አንድ ነገር ማወቄ። እሱንም በጥርሴ ነክሼ ይዤዋለሁ።

ረፋዱ ላይ ቢሮዬ መጣች። ሁዳዴ ስለሆነ ሁለታችንም እህል አልቀመስንም፤ ድምጿ ደከም ብሏል። «የቀረ ነገር ይኖር ይሆን? እርስዎ አገሩን ያውቁታል።» በቅንነት ነው የጠየቀችኝ። ቅን ባትሆን ይቀለኝ ነበር።

«ምንም የለም» አልኳት።

አመሰገነችኝ።

ሐሙስ

እስካቫተሩ ከደጀን በኩል ተጭኖ መጣ። የቀን ሠራተኞቹ ልብሳቸውን አጥበው ድንጋይ ላይ አስጥተዋል፤ ነገ ሥራ ሊጀመር ነው። ዝናብ ሳይጥል የድልድዩ መሠረት ከወንዙ ካልወጣ ዘንድሮ ሥራ የለም፤ እነሱም ይበተናሉ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩ ሽሮዬን በላሁ። ሽሮው ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ አናደደኝ።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ምናልባት ዘመኑ ተለውጦ ሽማግሌ ሳይመርቅም ይስማማ ይሆናል። የምመኘው የትኛውን ነው? ራሴን ጠየቅኩ፤ መልሱን ሳልሰማ ተነሥቼ ጫማዬን መወልወል ያዝኩ።

ዓርብ

ተቀምጠዋል።

ኮረብታው ሥር ስንደርስ ሰዉ መንገዱን ሞልቶ ተቀምጧል። ጩኸት የለም፤ ዱላ የለም። ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፤ የኔታ ዳዊት ይደግማሉ። መዓዛ ከመኪና ወርዳ «ሰኞ ተስማምተን አልነበር?» አለች። አንዲት እናት ከእንዝርታቸው ቀና ብለው፣ «ማን መርቆሽ ነው ይህን ሁሉ ብረት ይዘሽ የመጣሽው?» አሉ። ዙሪያው ሳቀ።

የፖል ፊት ቀላ። እስከ ሰኞ ካልተፈታ መዓዛ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች፤ ሥራውም ይቆማል አለ። ያን ሲል ውስጤ የሆነ ነገር ፈታ አለ፤ ጠባብ ጫማ ያወለቅኩ ያህል። ደስታ ነው ብዬ መጻፍ አለብኝ። ደስታ ነበር። እስከ ካምፑ እንኳ አልዘለቀም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ቀስ ብላ፦ «አበጀ አሁን ነገረኝ። ካልመረቁ አላለቀም ማለት ነው አለኝ። እርስዎ ያውቁ ነበር?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ቃርሚያ የቀረበት ማሳ፣ ሁለት አህያ።

«ያውቁ ነበር» አለች ራሷ።

ለፖል አልነገረችውም። በዚህም ቀናሁባት።

ቅዳሜ

ማስታወሻዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዳገቱ ሥር በቆመው መኪና ውስጥ እየጻፍኩ ነው። አበጀ መሪው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል።

ጠዋት ከካምፑ ከወጣን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። አዲስ ሐሳብ ይዛለች፤ ድንጋዩ ከኮረብታው ጀርባ፣ ከጠበሉ ርቆ፣ ያለ ድማሚት በማሽን እየተሰበረ ይውጣ ነው የምትለው። ሳንወጣ ለፖል ነግራው ተስማምቷል። ይህንኑ በኅዳር እኔ ብዬ «ውድ ነው» ተብያለሁ። ለእሷ አልተወደደም። ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ምን ፊት አለኝ?

የኔታ ቤት የሚደረሰው በእግር ነው። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰናከለች፤ እጄን አልያዘችም። ደጃፉ ላይ «ቤቶች!» አልኩ። የኔታ ወጡ። እሷን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ያን ለት አልመረቅንም። አይተሃል?»

«አይቻለሁ፣ የኔታ።»

«የአገሩ ልጅ ነህ።»

«ነኝ።»

«ታዲያ ለእንግዳዪቱ ምነው ሳትነግራት?»

መዓዛ ወደ እኔ አልዞረችም። መሬት መሬት ታያለች። ሥራ በዝቶብኝ፣ ረስቼው፣ እርግጠኛ ሳልሆን ቀርቼ። መልስ ሞልቶኝ ነበር።

«ቀናሁባት» አልኩ።

የኔታ ዝንባቸውን በጭራ እሽ እያሉ አዩኝ። ከዚያ ወደ እሷ፦

«ግቢ፣ ልጄ።»

ገባች። እኔም ልከተል ጎንበስ አልኩ፤ መቃኑ ዝቅ ያለ ነው።

በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ።