ጭስ ሲያቆሙ የኖሩት የጋሼ ቴስታታ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ ቴስታታ» እያለ የሚጠራቸው አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በጠዋቱ የሚፈታ ነገር ሲፈልጉ አደጉ። የእናታቸውን የስፌት መኪና ፈታተው መልሰው ሲገጥሙ አንዲት ብሎን እንደተረፈቻቸው፣ መኪናዋ ግን ከበፊቱ የተሻለ ትሠራ እንደነበር እስከ እርጅናቸው ይምሉ ነበር። እህታቸው፣ አክስታችን፣ መኪናዋ ከዚያ ወዲህ አንድ ቁልፍ እንኳ አልተከለችም ይላሉ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1961 ዓ.ም. ከሙያ ትምህርት ቤት በመካኒክነት ተመረቁ። በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ ተቀጥረውም እስከ ጡረታ ድረስ በአንድ ሥራ ጸኑ። ሥራቸው ቴስታታ፣ ማለትም የሞተር ራስ ነበር። ቫልቮች የሚመላለሱባቸው ጋይድ የሚባሉ ጠባብ ቱቦዎች ሲበሉ ዘይት ወደ ውስጥ ይሾልካል፤ መኪናውም ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ሰፈሩን ያጥነዋል። አባታችን ያረጁትን አውጥተው አዲሶቹን ፍሪዘር ውስጥ ያሳድራሉ፤ ቴስታታውን ምድጃ ውስጥ ያግሉታል፤ ከዚያም ብረቱ ሳይበርድ ጋይዷን ቀጥ አድርገው በአንድ ትንፋሽ ይሰዷታል። ያመነታ እጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጋራዡ ምድጃ ስላልነበረው ቴስታታ ተሸክመው ጎረቤት ዳቦ ቤት ገቡ። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ «ይሄን ጉድ ከዳቦዬ ጋር? ታጥቦ ካልመጣ አይሞከርም!» ብለው መለሷቸው። አጥበው መጡ። በ1969 ዓ.ም. ተጋቡ። ይህን የምጽፈውን ታላቅ ልጃቸውንና ሾፌሩን ታናሽ ወንድሜንም ወለዱ። ቤታችን ውስጥ ሥጋ ለማውጣት ፍሪዘር የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጋይድ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መድኃኒቱ እንቅልፍ እንጂ ሌላ አላመጣም። ባለፈው ዓመት የወንድሜ መተዳደሪያ የሆነችው ሚኒባስ መጨስ ስትጀምር፣ «እኔ እያለሁ ማን ይነካታል?» ብለው ተነሡ። እምቢ የሚላቸው ማን ነው? እጃቸውን እንያዝ ብንል ስድብ ነው፤ ዝም ብንል ግፍ ነው። ቆመን አየናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጋይዶች እንደምንም ገቡ። የመጨረሻዋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ አጋድላ ያዘች፤ ብረቱም በረደ። ደግመው ሲመቷት ቴስታታው ተሰነጠቀ። መዶሻውን አስቀምጠው፣ ወንድሜን ቀና ብለው ሳያዩ፣ «ሌላ ሰው ጋ ውሰዳት፣ ልጄ» አሉት። ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። ወንድሜ እስከ ዛሬ የትም አልወሰዳትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መፍቻ አልጨበጡም፤ ምግብም ተዉ ማለት ይቻላል። ለመንናቸው፣ ተቆጣናቸው፣ አለቀስን፤ አንዱም አልረዳንም። እኔ በበኩሌ ተናድጃለሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

አባታችን በተወለዱ በ74 ዓመታቸው መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። እጃቸውን ይዘው የተቀመጡት እናታችን ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «መንቀጥቀጡ ቆመላቸው» አሉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተው ሄደዋል። እኛ ልንይዛቸው አልቻልንምና ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይያዝልን።