በመሪማ በኩል ስለተተኮሰው ጥይት

ለተከበሩ ቀኛዝማች ወዬሳ፣ የአዳማ ገበያ ጥበቃ አለቃ፤

ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ያ ሁሉ ጥይት በገበያው ላይ ሲዘንብ እርስዎን አንዲቱ እንኳ ስላልነካችዎ ፈጣሪን አመስግኛለሁ፤ ከጨው ሻጮቹ ጀርባ መቆምዎ ጠቅሞዎታል። ይህንንም ጽሑፍ ሰው ሁሉ ያንብበው ብዬ አንዱን ቅጂ በገበያው ዋርካ ላይ አስለጥፌአለሁ።

አንደኛ፤ ሽፍታው ገርባ ሰዎቹን ጋቢ አልብሶ በገበያተኛው መካከል ካስገባ በኋላ በወታደሮችዎ ላይ እንደተኮሰ በአዋጅ አስነግረዋል። እውነት ነው። ወታደሮችዎም ወደዚያው ገበያተኛ መልሰው መተኮሳቸውን ግን አዋጁ ዘለለው። አባቴ ዳዊት ሲያስደግሙኝ አንድ ቃል የዘለልሁ እንደሆነ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር። አዋጁም ከመጀመሪያው ይነበብ ዘንድ እለምናለሁ፤ የቆሰሉትን ሁለት ወታደሮችና የሞተችውን በቅሎ ሲጠራ ጨው ሻጯን መሪማን ረስቷልና።

ሁለተኛ፤ መሪማን የገደላት የገርባ ጥይት ነው ብለዋል። ገርባ ደግሞ ከአዋሽ ማዶ ሆኖ የእርስዎ ነው ብሎ ልኳል። ገላዋን ያጠበችው ኡሙሰልማ ጥይቱን አሳይታኛለች፤ ሁለታችሁም የያዛችሁት ምንሽር ጠመንጃ ስለሆነ ለማንም አልመሰከረም። ስለዚህ ማን መታት ብዬ አላስቸግርዎም። በእሷ በኩል ማን ተኮሰ ብዬ ግን እጠይቃለሁ። እሱ ገላዋን ጋሻ አደረገ፤ እርስዎ ጋሻው ሰው መሆኑን እያዩ አስተኮሱ። እሱ ለድሀ ብዬ ሸፈትሁ ይላል፤ እርስዎ ድሀን እጠብቃለሁ ይላሉ። እንዲህ ያሉ ሁለት ወዳጆች ያሏት ድሀ መሞቷ አይደንቅም።

ሦስተኛው ከሁሉ ያሳዝነኛል። ሽፍታውን ያስገባውን ለማወቅ አፈርሳታ አስቀምጠው፣ የጥፋተኛው ስም እስኪጠራ ድረስ የገበያውን ሰው ከማክሰኞ ጀምሮ በአጥር ውስጥ ዘግተውበታል። ከተዘጉት አንዱ የመሪማ ባል መሐመድዘይን ነው። ለቅሶ ሊደርሱ ከሁሩታ የመጡት ዘመዶቿ ከውጭ፣ እሱ ከውስጥ ሆነው በእሾህ አጥር መካከል ተላቀሱ። ትናንት ልጠይቀው ብሄድ ሕፃኗን ማን እያጠባት እንደሆነ ጠየቀኝ። ጎረቤታችን ደራርቱ እንደምታጠባት ነገርሁት። አመስግኖኝ ፊቱን አዞረ።

ስለ ጸጥታው እናመሰግናለን፤ ከቅዳሜ ወዲህ በገበያው ድምፅ የሚያሰማ የለም። ሹመትዎ ይሰንብት፤ ከእንግዲህ የሚቆሙበትም ጀርባ አይጥፋ እያልሁ፣ ከሩቅ እጅ ነሥቻለሁ።

ዘመናይ
አዳማ፣ ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ተጨማሪ፤ አፈርሳታ የሚፈታው ስም ሲጠራ ነው ተብሏል። እንግዲህ እጠራለሁ። በሰው መካከል ሆኖ የተኮሰው ገርባ ነው። በሰው መካከል መልሶ ያስተኮሰው ወዬሳ ነው። ሦስተኛዋ ዘመናይ ነኝ፤ በዚያ ጠዋት ከአንዱ ጋቢ ሥር አፈሙዝ ወጥቶ አይቼ፣ የማን ወገን ነሽ እንዳልባል ፈርቼ ዝም ብያለሁ። አሁን ከአጥሩ በር ቆሜአለሁ። መሐመድዘይን ወጥቶ ለቅሶው ላይ ይቀመጥ፤ በእሱ ቦታ ሦስታችንን ያስገቡን።